ማንም ያልተቀመጠበት መቀመጫ

አባባ ውሃ መጠጣት ያቆሙት ለማንም ሳያስታውቁ ነው። መጀመሪያ ሻያቸውን ከግማሽ ላይ መተው ጀመሩ። ቀጥሎ እናቴ ከምሳ በኋላ የምታቀርብላቸውን ብርጭቆ በከንፈራቸው ነካ አድርገው መመለስ ሆነ። በመጨረሻ "ጾም ነኝ" ማለት አመጡ። እናቴ ደግሞ በጾም ቀን ቆጠራ ከቄሶቹ እኩል የምትከራከር ሴት ናት። ጥቂት ቀን ታዘበቻቸውና አንድ ማክሰኞ፣ ያውም ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ገና ሳያልቅ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሰሞን፣ "ይኼን ጾም ያወጀው ማነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"የፈቃድ ነው" አሉና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማናችንም አንናገረውም። ቤታችን እንደዚያ ነው። እናቴን አንቺ፣ አባቴን አንቱ እያልን ነው ያደግነው። ሳሎን ውስጥ የእሳቸው የሆነ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር አለ። እሳቸው ለሥራ ወደ ቆላው ወርደው ወር ሲቆዩ እንኳ ባዶውን ይከርማል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። የማያውቅ እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል እናቴ ቶሎ ብላ "እሱ እግሩ ተሰብሯል" ትለዋለች። ወንበሩ ተሰብሮ አያውቅም። ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።

የተሰበረው የአባባ ጉልበት ነበር። ከሰሜን ወደ ነገሌ የመጡት የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆነው ሲሆን፣ ከዳዋ ወንዝ ዳር እስከ ተልተሌ የክትባቱን ሣጥን አንጠልጥለው ያልረገጡት የግጦሽ መሬት የለም። መንግሥት ሲለወጥ እንደ እሳቸው ከሰሜን የመጣው ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ፣ "ላም መንግሥት አታውቅም" ብለው ቀሩ። መንግሥታቱም ላሞቹም ተራ በተራ አለፉ፤ ጉልበታቸው ግን ሁሉንም ጉዞ ቆጥሮ አቆየላቸው። ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ መንበርከክም ቁጢጥ ማለትም የማይታሰብ ሆነ።

ሽንት ቤታችን ጓሮ ነው፤ ግራና ቀኝ የእግር ጡብ ያለው የተለመደው ጉድጓድ። አባባ እንደ ምንም ብለው ቁጢጥ ቢሉ መነሳት አይችሉም። ስለዚህ ወንድሜ በብብታቸው ይዞ ያወርዳቸዋል፣ ይዞ ያነሳቸዋል። ክፍሏ ሁለት ሰው ከያዘች በሯ አይዘጋም። አባባ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ወንድሜ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ጉዳዩ ያልቃል።

ወንድሜ ነጋዴ ነው። ዕቃ ሊያመጣ ክብረ መንግሥት ሲሄድ ሥራው ለእናቴና ለእኔ ይደርሳል። የእናቴ ወገብ ደግሞ የራሱ ችግር ስላለበት፣ ብዙውን ጊዜ የምይዛቸው እኔ ነበርኩ። አባቴን እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ በካናቴራ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ከጓሮ ስንመለስ ክንዴን እንደያዙ፣ ፊቴን ሳያዩ፣ "አስተማሪዋ፣ ትምህርት ቤት አልረፈደብሽም?" አሉኝ። እሁድ ነበር። "አልረፈደብኝም" አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ስሌታቸውን የሠሩት፤ ያልገባ አይወጣም። የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን ሌላ ስሌት ነበረው። እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ ውሃ ካልጠጡ ኩላሊታቸው ብዙ አይቆይም አለኝ። ፈራሁ። አባቴ በጥይትም በወባም ያልሞቱ ሰው ናቸው፤ በእኔ አፍረው ሊሞቱ ነው ብዬ ፈራሁ።

ወንድሜ መፍትሔውን ያገኘው ያቤሎ ነው። እዚያ የሚፈርስ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበርና ከዕቃው መሃል ቁጭ የሚባልበት የፈረንጅ ሽንት ቤት ሳህን በጭነት መኪና አምጥቶ ጓሮ አወረደው። ነጭ፣ ከባድ፣ ግርማ ያለው ነገር ነው። ግንበኛ ተጠርቶ በጉድጓዱ ላይ በሲሚንቶ ተከለው፤ ውሃው በጀሪካን ይደፋበታል። አባባ በሥራው ሁሉ ጣልቃ አልገቡም። ግንበኛው ሊሄድ ሲል ብቻ በምርኩዛቸው ወደ በሩ እየጠቆሙ፣ "ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው" አሉ። ከእሳቸው የተሰማው ጥያቄ ይኼ አንድ ብቻ ነው።

የጎደለው መቀመጫው ነበር፤ ሳህኑ አፍ ላይ የሚደረገው ቀለበት። ይኼ ከሱቅ ይገዛል ብለን ነበር። ሳህኑ ግን የትኛውም ሱቅ የሚያውቀው ዓይነት አልነበረም። አፉ ክብም አይደለም፣ ሞላላም አይደለም፤ ፊቱ ሾል ይላል። ይባስ ብሎ ሸክላው እሳት ውስጥ ሲጋገር ሳይጣመም አልቀረም፤ የግራው ከንፈር መሃሉ ላይ እንደ ኮርቻ ከፍ ይላል። ከነገሌ የገዛነው ፕላስቲክ መቀመጫ ላዩ ላይ ይወዛወዛል። ከክብረ መንግሥት የመጣው ደግሞ ይንሸራተታል። መንሸራተቱን ያወቅነው አባባ በሳህኑና በግድግዳው መካከል ከወደቁ በኋላ ነው። ደግነቱ አጥንት አልተሰበረም። ከመውደቃቸው ይልቅ ያሳዘነኝ፣ መቀርቀሪያውን ሰብረን ስንገባ "ማን በሩን ክፈቱ አላችሁ?" ማለታቸው ነበር። ጾሙም ከዚያ በኋላ ጠበቀ።

በዚሁ ሰሞን የድሮ ወዳጃቸው መጡ። ከዳዋ በኩል የሚመጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባባ ጋር የተዋወቁት ከብቶቻቸው ሲከተቡ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሌ ገብተው ቤታችን ሳይደርሱ አይመለሱም። ሲመጡም ወተት ይዘው ነው።

"አካም ጅርቱ? ናጋ?" አሉ ሽማግሌው ከበሩ፤ በኦሮምኛ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው ወይ እያሉ።

"ናጋ፣ ናጋ። ከብቱስ ናጋ?" አሉ አባባ።

ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤት ከብት። ሲያልቅ ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ወተቱን ቀድተው ዘረጉላቸው። አባባ ብርጭቆውን አዩት። እንዲህ ያለ ወተት እንደሚወዱ ሁላችንም እናውቃለን።

"ጾም ነኝ" አሉ።

ሽማግሌው ክርስቲያን ባይሆኑም ወተታቸው በጾም ምክንያት ሲመለስ የኖሩ ሰው ናቸውና የቀን ቆጠራው አልጠፋቸውም። "ጾማችሁ ወጣ አይደል እንዴ? ፋሲካን እዚሁ አብረን በላን እኮ።"

"ይኼ የፈቃድ ነው።"

"የማን ፈቃድ?"

አባባ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሽማግሌው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ስለ ዝናብ ጥቂት ተናግረው፣ ከወትሮው ቀድመው ተነሱ። ከቤታቸው ድረስ ያመጡት ወተት ሲመለስባቸው ምን እንዳሰቡ አልተናገሩም፤ ምርኩዛቸውን ያነሱበት አኳኋን ግን ይናገር ነበር። አባባ እስኪመሽ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ወተቱን ሲያዩት ዋሉ። እናቴ ልታነሳው ስትል "ተይው" አሏት።

በማግስቱ ወንድሜ ወደ ክብረ መንግሥት ከመሄዱ በፊት የሠፈራችን አናጺ መጥቶ ለሳህኑ ልክ የሆነ የእንጨት መቀመጫ እንዲሠራ ነገረው። አናጺው አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚህ የወለዱት ነው፤ አልጋ፣ በርና የሬሳ ሣጥን ይሠራል። ይኼን የመጨረሻውን ቀድመን ልናስብበት ይገባ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሜትሩን በእጁ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ውሃ መጠጣት ያቆሙ ሽማግሌ ወዳሉበት ቤት ሲገባ መንደሩ ሁሉ አየው። ሳህኑን ከወዲያም ከወዲህም ለክቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሲወጣ አንዲት ጎረቤታችን ከአጥር ሥር "እንዴት ናቸው?" ብላ ጠየቀችው። እሱ የሚያስበው ስለ ሳህኑ ነው።

"አስቸጋሪ ነው" አላት። "ቢሆንም ከነገ ወዲያ ይደርሳል።"

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ግቢያችን ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሴቶች ሞላ። የዕድሩ ሰው ድንኳኑ የት ይተከል ለማለት መጣ። እናቴ ከማድ ቤት ስትወጣ አንዷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችባት፤ እናቴም ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ለቅሶ መቼም ብቻውን አይተውምና፣ አብራት አለቀሰች። አባባ ጫጫታውን ሰምተው በምርኩዛቸው እየተደገፉ በረንዳው ላይ ወጡ። ለቅሶው ቆመ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

አባባ ሰዉንም የዕድሩን ሰውዬም በየተራ አዩና ገባቸው። "ድንኳኑን መልሱት፤ ለጊዜው አላስፈለገም" አሉና ተመልሰው ገቡ። አናጺው ምን ሲለካ እንደነበር ለጎረቤት መናገር ነውር ስለሆነ "አልጋ ነው" አልን። በማግስቱ ወንድሜ ክብረ መንግሥት ላይ በስልክ ተረድቶ፣ በተገኘው የጭነት መኪና እያለቀሰ ደረሰ። አባባ እጁን ጨብጠው "ገበያው እንዴት ነው?" አሉት።

አናጺው ሥራውን ከልቡ ያዘው። ካርቶን ሳህኑ አፍ ላይ አንጥፎ፣ በመዳፉ ዳር ዳሩን ተጭኖ፣ የታተመውን መስመር በከሰል አደመቀና ቆረጠው። ሳህኑ ከፍ የሚልበትን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ ካርቶኑ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሰፊ ሳንቃ ስላልተገኘ ሁለት የዝግባ ሳንቃ በኮላ አጋጥሞ ቀለበቱን ቆረጠ፤ ከሥሩ ያንን ኮርቻ የሚመስል ከፍታ እንዲያቅፍ ፈልፍሎ፣ እንዳይንሸራተት ወደ ሳህኑ ውስጥ የሚገቡ አራት ጉጦች ተከለበት። በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቫርኒሽ ቀባው። ያምር ነበር። የእናቴና የአባቴ የሠርግ ፎቶ እንዲህ ያለ ፍሬም አላገኘም።

ቫርኒሹ እስኪደርቅ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እናቴ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አለበሰችው። ከሰዓት በኋላ የመጡ እንግዶች ገለጥ አድርገው አይተው፣ "ምነው፣ መስታወቱ ገና ነው?" አሉ። "ገና ነው" አለች እናቴ።

በመጨረሻ ሳህኑ ላይ ገጠምነው። ልክክ አለ። አናጺው በሁለት መዳፉ ተጭኖ "ይኸው" አለ። ወንድሜ በቡጢው ደቃው። አልተነቃነቀም።

"ቁጭ በልበትና እንየው" አልኩት ወንድሜን።

"አባባ ሳይቀመጡበት?" አለኝ፤ ቤተ መቅደስ በጫማ ግባ ያልኩት ያህል ደንግጦ። አናጺውም ራሱን ነቀነቀ። እናቴን ማንም አልጠየቃት። እኔም ብሆን ሌላውን ልቆጣ እንጂ ልቀመጥበት አላሰብኩም። የአባባ ነዋ። አራት ጤነኛ ሰዎች አንድን መቀመጫ ከበን ቆመን በእጅ፣ በቡጢ፣ በዓይን ሞከርነው፤ መቀመጫ በሚሞከርበት መንገድ ግን አልሞከርነውም።

አባባ ገቡ። በሩ ተዘጋ። አናጺው በተሰበረው ፋንታ የገጠመው መቀርቀሪያ ቀጭ አለ። ሁላችንም ከሽንኩርቱ መደብ አጠገብ ቆመን ስለ ሽንኩርቱ ማውራት ጀመርን። ወዲያው ከውስጥ፣ ካባቴ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣ "ኧረ!" መጣ።

ካርቶን ለስላሳ ነው፤ የሳህኑን ጉብታ ልክ ሳይናገር አብሮ ይታጠፋል። እንጨት አይታጠፍም። መቀመጫው ባዶውን ሲሆን ልክክ ይላል፤ ሰው ሲያርፍበት ግን በጉብታው ላይ ይሰበቃል፣ የሁለቱ ሳንቃዎች መጋጠሚያ ይከፈታል፣ ሰውየው ለመነሳት ሲሞክር ደግሞ ይዘጋል። ከመሃሉ የገባውን ሥጋ ይዞ ነው የሚዘጋው።

አባባ ወጥተው ወንበራቸው ላይ በጎን ተቀመጡ። አናጺውን ጨምሮ ሁላችንንም አስጠሩን።

"ማነው ተቀምጦ የሞከረው?"

እኔና ወንድሜ ተያየን።

"አንተስ?" አሉት አናጺውን።

"ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ? እርስዎ ሳይቀመጡበት?"

"ለክብርዎ ብለን ነው" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

አባባ ወደ መሬት አዩ። "ክብሬ" አሉ፣ "በር ተከፍቶ በልጄ እጅ ተይዤ ስቀመጥ ያኔ አለቀ። አሁን የሚያስፈልገኝ የማይጥለኝ እንጨት ነው። ውሃ ጠምቶኛል።"

ነገሩን በአፋቸው ሲናገሩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ዕንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ለመያዝም አልሞከርኩም።

"ለቅሶ ባለፈው ሳምንት አልቋል" አሉኝ። "አሁን ሁላችሁም ትቀመጡበታላችሁ።"

አናጺው ከእንጨቱና ከሳህኑ መሃል ለስላሳ ነገር ገብቶ ሰው ቢቀመጥበት፣ የሚነካበትና የማይነካበት ቦታ ይለያል አለ። ሊጥ ይሁን ሲል እናቴ ተቆጣች። እህል ሽንት ቤት አይገባም፤ ይኼ ለአባባም ቢሆን አይደረግም። ስለዚህ ከግቢው ቀይ አፈር ጭቃ አቡክተን፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ በሳህኑ ከንፈር ዙሪያ ደለደልነው፤ መቀመጫው በላዩ ተደረገ። አባባ በርጩማ አስወጥተው ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጡና በየተራ ያስገቡን ጀመር፣ ልክ እንደ ሚኒስትሪ ፈተና።

መጀመሪያ ወንድሜ ገባ። "ከግራ ይሰበቃል" አለ። አናጺው ጭቃው የሳሳበትን አይቶ፣ በዚያ በኩል እንጨቱን በሞረድ ፈገፈገ። ቀጥሎ ራሱ አናጺው፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ቀጥሎ እኔ። ልብሴን እንደለበስኩ፣ በአባቴ መቀመጫ ላይ፣ አባቴ ከበሩ ውጭ "ይቆነጥጣል?" እያሉ ሲጠይቁኝ፣ "ትንሽ፣ ከኋላ" ብዬ መለስኩ። በዚህ ዓለም ላይ ከአባቴ ጋር ያደረግነው ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ንግግር ይኼ ነው።

"እኔስ አላደርገውም" አለች እናቴ። "ይኼን ሁሉ ዓመት ሳሎን ወንበርዎ ላይ ሳልቀመጥ ኖሬ፣ በዚህ ልጀምር?"

"እንግዲያው ሳሎን ሄደሽ እሱ ላይ ተቀመጪ" አሏት አባባ። "ከዚያ ትመጪያለሽ።"

ሄዳ ተቀመጠች። በመስኮቱ አየኋት፤ ጫፉ ላይ፣ ሊባረር እንደሚችል እንግዳ። ከዚያ መጥታ ፈተናውን ወሰደች። ስትወጣ ነጠላዋን እያስተካከለች "ደህና ነው" አለች። አናጺው እስኪመሽ ሲፈገፍግ፣ ጭቃው ሲታደስ፣ እኛም ስንገባና ስንወጣ ዋልን። መጋጠሚያው ከሥሩ በሌላ ቁራጭ እንጨት ተደገፈ። በመጨረሻ ጭቃው በዙሪያው ሁሉ እኩል ቀጠነ።

ሽማግሌው ወዳጃቸው ተመልሰው ይመጣሉ ብለን አልጠበቅንም ነበር። ሰኔ ላይ መጡ፤ የአባባ መሞት ወሬ ዳዋ ድረስ ዘግይቶ ደርሷቸው ሊያለቅሱ የመጡ ናቸው። በሩ ላይ ራሳቸው ሟቹ ሲቀበሏቸው ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ይዘው ቆዩ። ሰላምታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ላም ሳይዘሉ፣ ተለዋወጡ። ከዚያ ሽማግሌው፣ ለለቅሶም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድምና፣ ወተቱን ቀዱ።

አባባ ብርጭቆውን አዩት፤ እናቴን አዩአት። እናቴ መሬት መሬት አየች። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር።

"ያ ጃላ" አሉ አባባ በቀስታ፤ ወዳጄ ሆይ ማለታቸው ነው። "ጾም ነኝ።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን እንደ ባለፈው ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጡ ጎንበስ አሉ።

"ዛሬስ እውነቴን ነው" አሉ አባባ። "የፊተኛው ውሸት ነበር። ጾም አልነበርኩም። መሄድ አቅቶኝ ነው።" በምርኩዛቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ዘጠኝ ሰዓት አልፏል?" አሉኝ።

"አልፏል፣ አባባ።"

"ውሃ አምጪ።"

በብርጭቆ አመጣሁ። ጠጡት። "ጆጉን" አሉኝ። ጆጉን አመጣሁ። ሽማግሌው እያዩ፣ አባባ አንዱን ብርጭቆ ከሌላው በላይ፣ ዓይናቸውን ከወዳጃቸው ሳይነቅሉ ጆጉን ጨረሱት። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ሁለቱም ተቀምጠው ስለ ዝናብ አወሩ፤ ቆላው ላይ ዘንቧል፣ ሣሩ ወጥቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባባ ምርኩዛቸውን አነሱ። ወንድሜ ከለመደው የተነሳ ብድግ አለ፤ በእጃቸው ቁጭ አደረጉት።

ብቻቸውን ወጡ። እኛ ሳሎን ቀረን። ሽማግሌው ወተቱን እጃቸው ላይ እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ ጓሮ አዘነበሉ። በሩ ሲዘጋ ሰማን፤ ቀጥሎ መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ።

"ናጋ" አሉ ሽማግሌው፣ ወተቱን ራሳቸው ጠጡት። እናቴ ጆጉን አንስታ ልትሞላ ሄደች።